ሎሚም ሞከርኩ፣ መታጠቢያም ቀየርኩ፣ ባሰበት እንጂ አልተሻለኝም

ጭምቷ፦
ሰላም እህቶች። ይሄን ነገር ፊት ለፊት ለማንም መናገር ስላቃተኝ ነው እዚህ የመጣሁት። 27 ዓመቴ ነው። አላገባሁም፣ ጓደኛ ግን አለኝ። የዛሬ ወር ገደማ ከስራ ስገባ ፓንቴ ላይ ፈሳሽ አየሁ፣ ሽታም ያለው መሰለኝ። አብራኝ የምትሰራ ልጅ «ለብ ባለ ውሃ ሎሚ ጨምቀሽ ታጠቢበት፣ እኔ ሁሌ የማደርገው ነው» አለችኝ። አደረግኩት። ማቃጠሉን አልነግራችሁም፣ የግድግዳውን ቀለም ነው የቧጠጥኩት። ሁለት ቀን ደህና ሆንኩና ተመለሰ። ከዚያ «ለሴቶች» ተብሎ የሚሸጠውን አበባ አበባ የሚሸት መታጠቢያ ገዛሁና ጠዋትና ማታ ወደ ውስጥ ጭምር መታጠብ ጀመርኩ። ጭራሽ ባሰበት። ፋርማሲ ስሄድ ደግሞ ልጁ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ «ፈንገስ ነው» ብሎ ከታች የሚገባ ኪኒን ሰጠኝ። 6 ቀን ተጠቀምኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። አሁን ከጓደኛዬ ጋር ላለማደር ሰበብ መፈለግ ጀምሬያለሁ። በቀን ሦስቴ እታጠባለሁ፣ ያውም ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር! ጀሪካኔ ሁሉ በዚህ አለቀ። ቆሻሻ ሰው አይደለሁም። ምንድን ነው የጎደለኝ?

ሚጥሚጣ፦
የሎሚውን ሳነብ እኔ ራሴ ተቃጠልኩ። አንድ ጊዜ እኔም ኢንተርኔት ላይ አይቼ ኮምጣጤ በውሃ አድርጌ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን እንደ ዳክዬ ነው የሄድኩት። እህቴ ብቻሽን አይደለሽም፣ መፍትሔ ግን የለኝም፣ እኔም መልሱን ለማየት ቁጭ ብያለሁ።

አዋላጇ፦
ጭምቷ እህቴ፣ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ መስራት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ያንቺን ታሪክ የምትነግረኝ ሴት በየሳምንቱ አላጣም። አንዷ በሎሚ፣ አንዷ በጨው፣ አንዷ በልብስ ሳሙና። ሁሉም ገና ወንበር ላይ ሳይቀመጡ የሚሉኝ አንድ ነው፣ «ቆሻሻ ሰው አይደለሁም»።

በአማርኛ ሁሉንም «ብልት» ብለን ስለምንጨርሰው ውጪውና ውስጡ የተቀላቀለብን ይመስለኛል። ውጪው፣ ከንፈሮቹና ፀጉር የሚበቅልበት ቦታ፣ ቆዳ ነው። ያልበዋል፣ ይታጠባል። በቀን አንዴ ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። ያለ ሳሙና አይሆንልኝም ካልሽ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና በእጅሽ፣ እሱም ውጪውን ብቻ። ወደ ማህፀን የሚወስደው የውስጡ መንገድ ግን መታጠብ አይፈልግም። በባዶ ውሃም ቢሆን።

እዚያ ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ዘመዶች ናቸው። ላክቲክ አሲድ ይሰሩና ፒኤቹን፣ የኮምጣጣነት ልኩን ማለቴ ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው)፣ ከ3.8 እስከ 4.5 አካባቢ ያቆዩታል፣ እንደዚያ ኮምጠጥ ባለ ቦታ ሌላው ጀርም እንደልቡ መባዛት ያቅተዋል። እርጎ ከጥሬ ወተት ይልቅ ብዙ ቀን የሚቆየው ለምን ሆነና? የተለመደው የገላ ሳሙና ፒኤቹ 9 እና 10 ይደርሳል። ሎሚ ደግሞ 2 ገደማ ነው። ታዲያ ሎሚም አሲድ አይደል እንዴ ትሉኛላችሁ። ነው፣ ግን ስሱን ቆዳ ያቃጥለዋል፣ አጠባው ደግሞ ባክቴሪያዎቹን ጠራርጎ ያወጣቸዋል። ዘበኛውን አባርሮ ሌባ በዛብኝ እንደማለት ነው። ውስጥን መታጠብ የሚያዘወትሩ ሴቶች ላይ ኢንፌክሽን በብዛት ይታያል፣ ጀርሙ ሽቅብ ወደ ማህፀንና ወደ ቱቦዎቹ የመሄድ ዕድሉም ይጨምራል።

ፈሳሽ በራሱ በሽታ አይደለም። በወሩ መሃል እንደ እንቁላል ነጩ የሚሳብ ይሆናል፣ ፔሬድ ሊመጣ ሲል ወፈር ነጣ ይላል፣ ፓንት ላይ ሲደርቅ ቢጫ ቢመስል አያስደነግጥም። ያንቺ ግን አንድ ወር ቆይቷል፣ ሽታ አለው ብለሻል፣ መድኃኒትም አልሰራም። ስለዚህ ውስጡን መታጠቡን ዛሬውኑ አቁሚና ሄደሽ ተመርመሪ። ሌላ ኪኒን እንዳትገዢ።

ሚጥሚጣ፦
ቆይ ቆይ፣ ጥቁር ፓንቴ መሃሉ ላይ ቀለሙን የሚለቀው በአሲዱ ነው ማለት ነው? እኔ እኮ ስንት ሱቅ ተሳደብኩ፣ ቀለሙ የማይረባ ሸጡልኝ ብዬ!

አዋላጇ፦
አዎ በአሲዱ ነው። ባለሱቆቹን ይቅርታ ጠይቂያቸው።

ወሎዬዋ፦
ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ስልኩን ልጄ ናት የከፈተችልኝ፣ ስህተት ብጽፍ አትፍረዱብኝ። እኛ ሎሚ፣ ኮምጣጤ የሚባል አናውቅም። የኛ ወይባ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ እንጨቱ ጭስ ብሎ፣ ልብስሽን አውልቀሽ ቡልኮ ተከናንበሽ ቁጭ ትያለሽ። ላብሽ እስኪንቆረቆር። ስትወጪ ገላሽ ቢጫ ይሆናል፣ ቀን ሲቆይ ይላጥና እንደ ሕፃን ቆዳ ይወጣል። አራስ ሳለሁ እናቴ ነበረች የምታሞቀኝ። አሁን አዲስ አበባ በስንት ብር እንደሚሸጡት ልጄ ነገረችኝና ሳቅሁ። ለዚህች ልጅም ወይባ ትግባ ነው የምለው፣ እንኳን ሽታ ሌላም ይወጣል።

የፋርማሲዋ፦
እትዬ ስለ ወይባ አልከራከርዎትም፣ እኔም ገብቼ አውቃለሁ፣ እንቅልፉ ብቻ ለሳምንት ይበቃል። ለጭምቷ ግን አሁን ባትገባ ይሻላል። የተቆጣ ቆዳ ላይ ሙቀትና ጭስ ይጨምርበታል እንጂ አያክመውም።

እኔም ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው። ልጁ ሳይጠይቅ ሸጠልኝ ያልሽው ተሰማኝ፣ ምክንያቱም እኔም አድርጌው አውቃለሁ። ሴቷ ትመጣለች፣ ከኋላዋ ሦስት ወንዶች ቆመዋል፣ አንገቷን ደፍታ «ያ የሚገባው አለ?» ትለኛለች። እዚያ መሃል «ፈሳሹ ምን ይመስላል፣ ይሸታል ወይ» ብዬ እንዴት ልጠይቃት? ክሎትሪማዞሉን በፌስታል ጠቅልዬ እሰጣታለሁ። ፈንገስ ከሆነ ይድናል። ካልሆነ ገንዘቧን ነው የበላሁት።

እንዲህ ለዩት፣ በሽታውን በዚህ ብቻ ማወቅ ባይቻልም። ፈንገስ ብዙ ጊዜ አይብ የመሰለ ወፍራም ነጭ ነው፣ ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሽታው ግን ያን ያህል ነው። ቀጠን ያለ፣ ግራጫ ቢጤ ሆኖ ጥሬ ዓሣ ዓሣ የሚል፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ የሚብስ ከሆነ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባለው ነው የሚጠረጠረው። ያ ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ሲያንሱ ሌሎቹ ሲበዙ የሚመጣ ነው፣ በፈንገስ መድኃኒት አይነካም። አረንጓዴ ወይ ቢጫ ሆኖ አረፋ ካለው ደግሞ ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በግንኙነት የሚተላለፍ ነው።

ደግሞ ለጉንፋን ለቶንሲል ብላችሁ አሞክሳሲሊን እንደ ከረሜላ የምትወስዱ፣ ከሳምንት በኋላ ማሳከክ ሲጀምራችሁ «ምን ነካኝ» አትበሉ። መድኃኒቱ መጥፎውን ከጥሩው አይለይም፣ ባክቴሪያው ሲያልቅ ፈንገሱ ሜዳውን ያገኛል። በዓመት አራት አምስቴ የሚመላለስባት ሴት ስኳሯን ትለካ። እርጉዝ ከሆነች የሚዋጠውን የፈንገስ መድኃኒት፣ ፍሉኮናዞልን፣ ከኛ ዘንድ ያለ ትዕዛዝ አትውሰድ።

ጭምቷ፦
ዓሣው! እሱ ነው። በትክክል እሱ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ከሆንኩ በኋላ ነው የሚብሰው፣ እኔ ደግሞ ተነስቼ በሳሙና እፈትጋለሁ። አንብቤ እጄ ተንቀጠቀጠ።

አንባቢው፦
ይቅርታ ወንድ ነኝ፣ ካልተፈቀደልኝ እወጣለሁ። ዝም ብዬ ነበር የማነበው። ሦስት ዓመት ሆኖናል ከባለቤቴ ጋር። አንድ ማታ፣ ነገር አስቤ አልነበረም፣ «ታጥበሻል?» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልትተኛ ስትል ሁሌ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፣ ቆይታ ነው የምትወጣው፣ መደርደሪያው ላይም የማላውቀው ጠርሙስ ተደርድሯል። እኔ ስለ ንጽህና ትጉ ናት እያልኩ ነበር። አሁን ይሄን ሳነብ ነው የገባኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ይሄ ባክቴሪያል የተባለው ወንዱ የሚያመጣው ነው?

ሚጥሚጣ፦
ወይ አንተ! አንድ ቃል ተናግረህ በየማታው አስጠመቅካት። በል ተነስና ሂድ አናግራት።

አዋላጇ፦
ተዪው፣ መጠየቁ ራሱ ደግ ነው። ወንድሜ፣ ወንዱ አመጣባት ወይም እሷ ወጣች ብሎ ጠብ የሚነሳበት በሽታ አይደለም። አዲስ ጓደኛ ሲኖር፣ ያለ ኮንዶም ሲሆን በብዛት ይታያል፣ የወንድ ዘር ፈሳሽ አሲድ ስላልሆነ የውስጡን ኮምጣጣነት ለጊዜው ይቀንሰዋል። ግን ወንድ ነክቷት የማታውቅ ሴትንም ሊይዛት ይችላል። ትሪኮሞናስ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይታከማሉ፣ አለዚያ ኳስ እንደመቀባበል ነው። ባለቤትህ ግን ምናልባት ምንም አልያዛትም፣ የሴት ሽታ እኮ ሽታ አልባ አይደለም። ትንሽ ኮምጠጥ ያለ፣ ከፔሬድ በኋላ ብረት ብረት የሚል፣ ስፖርት ሰርታ ስትመጣ ላብ ላብ የሚል፣ ይሄ ሁሉ ጤናዋ ነው።

ከጅዳ፦
ሰላም ለናንተ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሰራው፣ ሰባተኛ ዓመቴ። እዚህ አገር «ሚስክ ጠሃራ» የሚሉት ነጭ ወፍራም ሽቶ አለ፣ ሴቶች ከወር አበባ ሲጠሩ የሚቀቡት። ማዳም ለዒድ አንድ ሰጠችኝ፣ ደስ ብሎኝ በየቀኑ ወደ ውስጥ ሳይቀር ቀባሁ። ሃይማኖቴም ንጽህናን ስለሚያዝ ጽድቅ ነው የመሰለኝ። ቀይ ሆኜ አብጬ መቀመጥ አቃተኝ። ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ለማለት ደግሞ ምን አመመሽ ትለኛለች፣ ምን ልበላት? ባሏ ነው መኪናውን የሚነዳው። ሽቶውን ጥዬ በውሃ ብቻ ሆንኩ፣ በሁለት ሳምንት ለቀቀኝ። ከሽንት ቤት በኋላ በውሃ መታጠቡን አልተውኩም፣ እሱ ሱና ነው፣ ከፊት ወደ ኋላ ነው የማደርገው።

ሌላ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ረመዳን ላይ እንግዳ ስለሚበዛ አንድ ሞዴስ አድርጌ ከአስር ሰዓት በላይ የምቆምበት ቀን ነበረ። ወደ ክፍሌ ለመሄድ እንኳን ጊዜ የለም። ጭኔ ሁሉ ተልጦ ነበር። አሁን አንዱን በኪሴ ይዤ ነው የምዞረው፣ ወጥ እየተንተከተከ እሮጣለሁ።

አዋላጇ፦
ከጅዳ የኔ እናት፣ ጎበዝ ነሽ፣ በውሃ ከፊት ወደ ኋላ መታጠቡን ቀጥዪበት። ያ አቅጣጫ የሰገራ ጀርም ወደ ሽንት ቧንቧ እንዳይሄድ ነው። ሞዴስ ደሙ ባይሞላም በየአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቀየር። ወደ ውስጥ የሚገባውን ታምፖን የምትጠቀሙ ከስምንት ሰዓት በላይ አታቆዩት፣ ረስታችሁት አትተኙ። ሴቷ ሐኪም ጋ መሄድ ካልቻለች ቢያንስ ትኩሳት ካላት፣ ከእምብርቷ በታች የሚያማት ከሆነ፣ ወይ ያለ ጊዜዋ ደም ካየች ግን እንደምንም ብላ ትናገር፣ ያ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ሚጥሚጣ፦
እኔ ደግሞ ስለ ፓንት ላንሳ። የግቢያችን ማጠብያ ገመድ ላይ ፓንት ማስጣት ነውር ነው። ሁላችንም ከፎጣ ስር ነው የምንሰቅለው፣ እርጥብ እርጥቡን እንለብሳለን፣ በክረምት ደግሞ ሁለት ቀን አይደርቅም። ከላዩ ታይት፣ ከታይቱ ላይ ጂንስ። እንዲህ ሆኖ እንዴት አያሳክክ?

የፋርማሲዋ፦
እርጥበትና ሙቀት ፈንገስ የሚወደው ነው። ጥጥ ፓንት፣ ማታ ደግሞ ያለ ፓንት መተኛት። ገመዱን በተመለከተ መድኃኒት የለኝም።

ጭምቷ፦ (ከ5 ቀን በኋላ)
ሄድኩ። ሁለት ቀን በሩ ድረስ ደርሼ ተመልሼ በሦስተኛው ነው የገባሁት፣ ካርድ ስታወጣልኝ የነበረችው ልጅ «ምንሽን ነው?» ስትለኝ «ሆዴን» አልኳት። ውስጥ ግን ሴት ነበረች የጠበቀችኝ፣ እናንተን እያሰብኩ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሎሚውንም። አልሳቀችም። በመሣሪያ ከፍታ አየችና በጥጥ ወሰደች። አልፎ አልፎ ደበረኝ እንጂ አላመመኝም። ናሙናው ላይ የሆነ ፈሳሽ ጠብ ሲያደርጉበት ሽታው ወጣ አሉ፣ በማይክሮስኮፕም አዩት። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ነው። ፈንገስ አይደለም! የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራም አብረው አደረጉልኝ፣ ነፃ ነኝ። ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ሰጡኝ። አፌ ሁሉ ሳንቲም የላስኩ ነው የሚመስለው። እስክጨርስ ቢራ እንዳልቀምስ ተነግሮኛል። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ሽታው ጠፍቷል።

ደግሞ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ 30 ዓመት ሲሞላሽ ለማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ነይ፣ በኮምጣጤ ነው የምናየው አለችኝ። እኔ «ኮምጣጤ አትበሉኝ!» ብዬ ልነሳ ነበር።

አዋላጇ፦
ሳቄን ነው ያመጣሽው። ያ እንደ ሚጥሚጣ መታጠብያ አይደለም። የቀጠነ አሴቲክ አሲድ የማህፀን በሩን ብቻ ቀብተን ደቂቃ እንጠብቃለን፣ ጤናማ ያልሆነ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ በቃ። ቤት ውስጥ የሚደረግ እንዳልሆነ በትልቁ ይጻፍልኝ። ታናናሽ እህቶች ያሏችሁ ደግሞ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት አገራችን ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፣ ያኔ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጆች ነበር። ወላጆች «ልጄን መካን ያደርጋታል» እያሉ ሲከለክሉ አይቻለሁ፣ ወሬ ነው።

ጭምቷ፣ ሽታው ጠፋ ብለሽ ኪኒኑን እንዳታቋርጪ፣ ሰባቱንም ቀን ጨርሺ። ይሄ ነገር ደግሞ የመመለስ ፀባይ አለው፣ ቢመለስ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ተመልሰሽ ሂጂ።

አንባቢው፦
አናገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ «እስከዛሬ ለምን ዝም አልክ» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ጠርሙሶቹን ዛሬ ጠዋት ሽንት ቤት ማጽጃ አደረገቻቸው።

ወሎዬዋ፦
አንብቤ አንብቤ ነው የመጣሁት። ያቺ ነርስ ልጅ አለሽ? እኔ ለበሽታ ወይባ ትግባ ማለቴ ስህተት ከሆነ ይቅር በሉኝ፣ ለወዝ ግን አልተውም። ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። የወር አበባዬ ከቆመ አራት ዓመት አለፈኝ። ከዚያ ወዲህ ያቃጥለኛል፣ ባለቤቴም ይቀርበኛል ብዬ ፈራሁ፣ ሽንቴም ቶሎ ቶሎ ይመጣል። በወር በወር ወይባ የምገባው እውነቱን ለመናገር ለዚህ ነበር። ለልጄ አልነገርኳትም፣ ይሄንም እሷ ተኝታ ነው የምጽፈው።

አዋላጇ፦
አለሁ እትዬ። እንኳን ጠየቁኝ። የወር አበባ ሲቆም ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል፣ ያኔ የውስጡ ቆዳ ይሳሳል፣ እርጥበቱ ይጠፋል፣ ያ ኮምጣጣነትም ይቀንስና ሽንት ቧንቧን ኢንፌክሽን ቶሎ ያገኘዋል። በብዙ ሴቶች ላይ የሚመጣ ነው፣ ለዚህ የሚቀባ መድኃኒት አለ። ከግንኙነት በፊት ማለስለሻም ይረዳል። ወይባው ግን ለጊዜው ይቅርብዎት፣ የደረቀውን ጭራሽ ያደርቀዋል። ደም ጠብ ካለዎት፣ ትንሽም ብትሆን፣ ቀን ሳይቆጥሩ ይሂዱ።

ወሎዬዋ፦
ደም የለም። ግን ምን ብዬ ነው የምነግረው? የኛ ጤና ጣቢያ ያለው ወጣት ወንድ ነው፣ የማውቃት ጎረቤቴ ልጅ ነው።

አዋላጇ፦
ካርድ ክፍል «ሴት ባለሙያ ካለች» ይበሉ፣ መብትዎ ነው። ገብተው ደግሞ «ደርቆብኛል፣ ያቃጥለኛል» ካሉ ይበቃል፣ የቀረውን እሷ ትጠይቅዎታለች።

ወሎዬዋ፦
ደርቆብኛል፣ ያቃጥለኛል። እሺ። ማክሰኞ ገበያ ስለሆነ ረቡዕ እሄዳለሁ።